ከጡረታ በኋላ ወደ ጋና፦ ሸምገል ያሉ ሚስዮናውያን ባልና ሚስት ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ልጆቻቸውን አሳድገው፣ ከሥራ ተሰናብተው፣ የቀረ ጉልበታቸውን በባዕድ አገር ለወንጌል ሊሰጡ የተነሡ ባልና ሚስት የሚጠይቁትን ሰብስበናል። አገሩን ጋና አድርገነዋል፤ በተለይ ደቡቡን፦ አክራን፣ ኬፕ ኮስትን፣ ኩማሲን። ከአዲስ አበባ አክራ ቀጥታ በረራ አለ፤ የሥራ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ብርቱ ናቸው። አየሩ ግን ለደጋ ሰው ይከብዳል። በዚህ ዕድሜ የሄደ ሰው ጊዜው ሳይደርስ የሚመለሰው በአስፈሪው ነገር ብቻ አይደለም። ውኃ ሳይጠጣ ውሎ ይደክማል፤ ክፍት ቦይ ውስጥ ይወድቃል፤ የግፊት ክኒኑ ያልቅበታል፤ ወይም ከሁለቱ አንዱ ሥራ አጥቶ ቤት ይውላል። እነዚህን ሁሉ ከመነሻው ማሰናዳት ይቻላል።

ስልሳን አልፈናል። ሄደን ምን ልንሠራ ነው?

ወጣት የሚሠራውን እንድትሠሩ የሚጠብቅ የለም። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ማስተማር፣ የተዝረከረከ የሒሳብ መዝገብ ማስተካከል፣ ቤተ መጻሕፍት ማደራጀት፣ የእንግዳ ማረፊያ መምራት፣ አዲስ ባለትዳሮችን ማማከር፣ ወጣት መጋቢዎችን በቤታችሁ ተቀብሎ መስማት፤ ይህ የሽማግሌ ሥራ ነው፤ ጋና ውስጥም የሽማግሌ ቃል ይከበራል። ሐኪም፣ ነርስ ወይም አዋላጅ የነበራችሁ ግን በአገሩ የሙያ ምክር ቤት ሳትመዘገቡ በሽተኛ መንካት እንደማትችሉ እወቁ። ምዝገባው ወራት ስለሚወስድ ከመነሣታችሁ በፊት ጀምሩት።

ጥሪ የላከችላችሁ ቤተ ክርስቲያን ለእያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን የሥራ ዝርዝር በጽሑፍ ትስጣችሁ። ለባል ሁለት ገጽ ተጽፎለት ለሚስት "ታግዘዋለች" ተብሎ ከታለፈ፣ ያ ወረቀት ተስተካክሎ እስኪመጣ ቲኬት አትቁረጡ። በሦስተኛው ወር "እኔ እዚህ ምን አደርጋለሁ?" የሚለው ለቅሶ የሚመጣው ከዚያች መስመር ነው።

ስንት ጊዜ እንቆይ? መቼስ እንድረስ?

ለመጀመሪያው ጉዞ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይበቃል። ለመድረሻ ሐምሌና ነሐሴ ይመረጣሉ፤ አክራ ከዓመቱ ቀዝቀዝ የምትለው ያን ጊዜ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ሙቀት ከሁሉ ይከፋል። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት ስብከትም ሥልጠናም ረጅም መንገድም አይያዝላችሁ። ተቀባዮቹ በፍቅር ተነሣሥተው በደረሳችሁበት እሑድ መድረክ ሊሰጧችሁ ይችላሉ፤ በትሕትና "በሦስተኛው ሳምንት" በሉ።

የቢጫ ወባ ክትባት ለዕድሜያችን ይሆናል?

ጋና ለመግባት የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ አንዴ ከተከተባችሁ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። የቆየ ካርድ ካላችሁ "አሥር ዓመት አለፈው" ብላችሁ እንደገና አትከተቡ።

ከ60 ዓመት በላይ ሆናችሁ የመጀመሪያችሁ ከሆነ ግን ቆም በሉ። ክትባቱ ሕያው ቫይረስ ያለበት ነው፤ ዕድሜያቸው ከ60 ባለፈ ሰዎች ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የውስጥ አካልን ወይም ነርቭን የሚጎዳ ከባድ ችግር የማስከተል ዕድሉ ከወጣቶች ይበልጣል። ችግሩ ጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ ቢሆንም ውሳኔው የሐኪም ነው። የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ፣ ስቴሮይድ በብዛት የሚወስድ፣ የታይመስ ዕጢ በሽታ ያለበት ወይም ያስወጣ ሰው ይህን ሳይጠየቅ መናገር አለበት። በሕክምና ምክንያት የማትከተቡ ከሆነ ከሐኪሙ የተፈረመ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋችኋል፤ ተቀባይነት ማግኘቱንም አስቀድማችሁ ከጋና ኤምባሲ አረጋግጡ።

በእምነት የሚሄድ ሰው የወባ ክኒን መዋጡ አያሳፍርም?

አያሳፍርም። ይህን ጥያቄ አክብረን የምንመልሰው ብዙ ቅን አማኞች በልባቸው ይዘውት ስለሚሄዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1828 ከስዊዘርላንድ ባዝል ተልከው በዛሬዋ ጋና ጠረፍ የደረሱት አራት ወጣት ሚስዮናውያን ሁሉም በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ ሞተዋል። በ1838 ኬፕ ኮስት የደረሰው የሜቶዲስት ሚስዮናዊ ቶማስ በርች ፍሪማን ሚስቱን የቀበረው ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ነው። እምነት አልጎደላቸውም፤ ትንኟ ወባ እንደምታስተላልፍ ገና አልታወቀም ነበር። እኛ እናውቃለን። ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም መክሮታል፤ "ጸልይና ተወው" ብሎ አላለፈውም።

የደጋ ልጅ ሆኖ ከ2,000 ሜትር በላይ ያደገ ሰው ለወባ ምንም የተጠራቀመ መከላከያ የለውም። ቆላ ያደገም ቢሆን ውጭ አገር ጥቂት ዓመት ሲቆይ የነበረውን ያጣል። የጋናው ወባ ዓመቱን ሙሉ የሚገኝ ነው፤ በብዛት ያለውም ገዳዩ ፋልሲፓረም ነው።

ታዲያ የትኛውን ክኒን?

የተለመዱት ምርጫዎች ሦስት ናቸው፤ ክሎሮኪን እዚያ አይሠራም። አቶቫኮን-ፕሮጓኒል በየቀኑ ከምግብ ወይም ከወተት ጋር ይዋጣል፤ ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀድሞ ተጀምሮ፣ ከተመለሱ በኋላ ለ7 ቀን ይቀጥላል። ብዙ ሰው ይስማማዋል፤ ዋጋው ግን ለዓመት ይከብዳል፤ ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰውም አይሆንም። ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም በየቀኑ ይወሰዳል፤ ከተመለሱ በኋላ ግን 4 ሳምንት ይቀጥላል። ርካሽ ነው። ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል፤ ውጠው ወዲያው ከተኙ ደግሞ ጉሮሮን ያቆስላል። በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ውጡት፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀና ብላችሁ ቆዩ። ሜፍሎኪን በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ነው፤ ከጉዞው ቢያንስ 2 ሳምንት በፊት ይጀመራል። የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ጭንቀት ታሪክ ወይም የልብ ምት መዛባት ላለበት አይሰጥም።

ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የምትወስዱ ከሆነ ዶክሲሳይክሊንም አቶቫኮን-ፕሮጓኒልም ጉልበቱን ሊጨምሩት ይችላሉ። ክኒኑን ከጉዞው ጥቂት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩና የደም መርጋት ምርመራችሁን እዚያው ከሐኪማችሁ ጋር አስተካክሉ።

አጎበሩ ላይ ምን ስህተት ይሠራል?

መስኮቱ ወንፊት አለው ተብሎ መተው፤ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ከመሸ እስኪነጋ ትናከሳለች፤ በአንድ የተቀደደ ወንፊት ትገባለች። አጎበሩ ጫፉ ከፍራሹ ሥር ይጠቀጠቅ፤ ወለል ላይ ተዘርግቶ አይተው። ክንድ ወይም ጉልበት መረቡን ነክቶ ካደረ ከውጭ ትነክሳለች፤ ስለዚህ ለሁለት ሰው ሰፊውን መጠን ግዙ። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣ፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ያጠፋዋል። ሌሊት ለሽንት የሚነሣ ሰው ደግሞ መውጫውን በአንድ በኩል ይወስን፤ ባትሪውን ትራስ ሥር ያስቀምጥ፤ ሲመለስም መልሶ ይጠቅጥቅ። ምሽት ላይ ዲት ያለበት የትንኝ ማባረሪያ ተቀቡ፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባት የምትጠቀሙ ከሆነ እሱ ይቀድማል፤ ማባረሪያው ከላይ ይሆናል።

ትኩሳት ቢይዘንስ?

በዚያው ቀን ተመርመሩ። "ጉንፋን ይሆናል፣ ነገ እናያለን" የሚለው ለ25 ዓመት ወጣትም አያዋጣም፤ ለ68 ዓመት ሰው ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል። የመጀመሪያው ምርመራ ወባ የለም ቢልና ትኩሳቱ ካልለቀቀ ድገሙት።

ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ኮአርተም ነው። ለአዋቂ በአንድ ጊዜ 4 ክኒን፣ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ በሦስት ቀን፤ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ ጠዋትና ማታ። ድምሩ 24 ክኒን ይመጣል። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ ወደ ደም በደንብ አይገባም፤ ወተት ወይም የኦቾሎኒ ሾርባ ይበቃል። በሁለተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ ማቆም ወባውን መልሶ ይጠራል። የልብ ምት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ለሐኪሙ ይንገር። ግራ መጋባት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም የጠቆረ ሽንት ካለ ክሊኒክ አትሂዱ፤ በቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል። አክራ ላይ ኮርሌ ቡ፣ ኩማሲ ላይ ኮምፎ አኖኪ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች አሉ። አምቡላንስ 193 ነው። ግን መኪና ያለው ጎረቤት ማን እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት እወቁ፤ በሌሊት ማን እንደሚወስዳችሁም ተስማምታችሁ ስልኩን በር ላይ ለጥፉ።

የደም ግፊት መድኃኒት እንወስዳለን። ሙቀቱ ይጎዳናል?

መድኃኒቱንና ሙቀቱን አንድ ላይ ማሰብ ያስፈልጋል። ሙቀት የደም ሥርን ያሰፋል፤ ላብ ደግሞ ውኃና ጨው ይዞ ይወጣል። ስለዚህ አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ላይ ልክ የነበረው መጠን አክራ ላይ ሊበዛ ይችላል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፉሮሴማይድ ሽንት ስለሚያስወጡ ውኃ ያሳጥራሉ። ቤታ ብሎከር የሚባሉት ልብ ለሙቀት የሚሰጠውን መልስ ይይዛሉ። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፤ ሙቀቱ ሲጨመርበት ጫማ እስኪጠብ ይደርሳል። ራሳችሁ አታቋርጡ። የመለኪያ መሣሪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጠዋትና ማታ ለክታችሁ ጻፉ፤ መዝገቡን ለሐኪም አሳዩ። ከአልጋ ስትነሡ መጀመሪያ ቁጭ፣ ከዚያ ቁም።

ከጉዞው በፊት ሐኪማችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ "ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲይዘኝ ከእነዚህ ክኒኖች የትኞቹን ለጊዜው ላቁም?" መልሱን በወረቀት ያስጽፉ። ሰውነት ውኃ ባጣ ጊዜ ሽንት የሚያስወጡትና እንደ ኢናላፕሪል ያሉት ኩላሊትን ሊጎዱ፣ ሜትፎርሚን ደግሞ ከሰውነት ሳይወጣ ተጠራቅሞ ሊጎዳ ስለሚችል ነው።

ዕድሜ ሲገፋ ጥም ይደክማል። ጠምቶኝ ልጠጣ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ዘግይቷል። ጠዋት ሁለት ጠርሙስ ሞልታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፤ ምሳ ሳይደርስ አንዱ ይለቅ። ልቡ ወይም ኩላሊቱ ደክሞ ውኃ የተመጠነበት ሰው ግን መጠኑን ከሐኪሙ ይቀበል። የሽንቱ ቀለም እንደ ቀጭን ሻይ ከሆነ ውኃ አንሷል። ለተቅማጥ፣ በአገራችን ለምለም የምንለው ዓይነት ዱቄት ከሌለ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ጨው መጨመር አይጠቅምም፤ ይጎዳል።

ኢንሱሊን እንዴት ይቀመጣል?

ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከበረዶ ቤቱ ግድግዳ ጋር አይነካካ፤ አንዴ ከረጋ የሚጣል ነው። የተከፈተው አብዛኛው ዓይነት 28 ቀን ገደማ ከ30 ዲግሪ በታች ይቆያል፤ የየራሱን ወረቀት አንብቡ። እንስራ ውኃ እንደሚያቀዘቅዝ ስለምናውቅ ኢንሱሊንን በሁለት ሸክላ መሐል በእርጥብ አሸዋ ማስቀመጥ ይታሰበናል። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው ውኃው ሲተን ነው። የደቡብ ጋና አየር ራሱ እርጥበት ስለተሸከመ ትነቱ ደካማ ነው። በታኅሣሥና በጥር ሐርማታን የሚባለው ደረቅ የሰሐራ ነፋስ ሲነፍስ ግን በደንብ ያቀዘቅዛል። በቀረው ጊዜ ባትሪ ያለው ትንሽ ፍሪጅ ነው አስተማማኙ።

የስኳር መለኪያው ስትሪፕ በእርጥበት ይበላሻል፤ አንዱን አውጥታችሁ ክዳኑን ወዲያው ግጠሙ። ማንጎ በልታችሁ እጅ ሳትታጠቡ ከለካችሁ ደግሞ ቁጥሩ ያስደነግጣችኋል፤ የለካችሁት ጣት ላይ የቀረውን ማንጎ ነው።

መድኃኒት ስንት ወር እንያዝ?

ቢያንስ የሦስት ወር፣ ከተቻለ የሙሉ ቆይታው። ሁሉም በእጅ ሻንጣ፣ በመጀመሪያ ማሸጊያው። የሐኪም ደብዳቤው የንግድ ስሙን ሳይሆን የመድኃኒቱን ስም ይጻፍ፤ የንግድ ስም ከአገር አገር ይለያያል። ለሁለት ከፍላችሁ በሁለታችሁ ሻንጣ ያዙ፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይቀራል። እዚያ የምትገዙ ከሆነ ከተመዘገበ ፋርማሲ ብቻ፤ ከገበያ ጠረጴዛ ላይ በፍጹም።

አሜሪካ የምንኖር ነን። ሜዲኬር ይሸፍነናል? ግሪን ካርዱስ?

የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም። ሜዲጋፕ የሚባለው ተጨማሪ መድን ያላቸው አንዳንዶች የጉዞ ድንገተኛ ሕክምና ሽፋን አላቸው፤ እሱም ከጉዞው የመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ውስጥ ለጀመረ ሕመም፣ ከ250 ዶላር በኋላ 80 በመቶ፣ በዕድሜ ልክ እስከ 50,000 ዶላር ነው። ለዓመት አገልግሎት አይበቃም። በአውሮፕላን የሕክምና ማጓጓዣንና አስከሬን መመለስን የሚጨምር መድን ግዙ፤ ነባር በሽታችሁን እንደሚሸፍንም በጽሑፍ አረጋግጡ። "አንጠቀምበትም" ብላችሁ የሐኪም ወጪ የሚሸፍነውን የሜዲኬር ክፍል፣ ፓርት ቢን፣ አታቋርጡ። ስትመለሱ ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ቅጣት ወርሃዊ ክፍያው ላይ ሊጨመር ይችላል፤ አንዴ ከተጨመረም አብዛኛውን ጊዜ አይነሣም።

ዜግነት ያልወሰዳችሁ ከአንድ ዓመት በላይ የምትቆዩ ከሆነ፣ አሜሪካ ሳላችሁ በአይ-131 ቅጽ የመመለሻ ፈቃድ ጠይቁ፤ ከውጭ አይጠየቅም። ዜጋ ላልሆነ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ከስድስት ወር በላይ ውጭ ሲቆይ ሊቆም ይችላል፤ ለድሀ አረጋውያን የሚሰጠው ኤስኤስአይ ደግሞ 30 ቀን ውጭ ሲኮን ይቆማል። በእሱ የምትኖሩ ከሆነ ይህን ሳታስሉ አትነሡ።

ምን ዓይነት ቤት እንጠይቅ?

ምድር ቤት፣ ደረጃ የሌለው፤ ከተቻለ ሌላ ቤተሰብ ባለበት ግቢ ውስጥ። ወለሉ አብዛኛውን ጊዜ ሴራሚክ ነው፤ ሲረጥብ ያዳልጣል። ሻወር ውስጥ የማያንሸራትት ላስቲክ ምንጣፍና ግድግዳ ላይ የመያዣ ብረት አስገጥሙ፤ ከማናቸውም ዕቃ በፊት። ከበር ውጭ ያለው አደጋ ደግሞ ከመንገዱ ጎን የሚሄደው ክፍት ቦይ ነው። ጥልቅ ነው፤ ብዙ ቦታ ክዳን የለውም፤ ዝናብ ሲጥል ከመንገዱ ጋር እኩል ይሆንና አይታይም። ከመሸ ያለ ባትሪ አትውጡ፤ በዝናብም እስኪያባራ ጠብቁ።

አከራዮች የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ኪራይ ቅድሚያ ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የኪራይ ሕግ ከስድስት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበልን ይከለክላል፤ ልማዱ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ውሉን ተቀባይዋ ቤተ ክርስቲያን በስሟ ብትዋዋል ይሻላል።

መብራቱና ዕቃዎቻችንስ?

230 ቮልት ነው፤ ሶኬቱ የእንግሊዝ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር። የአሜሪካ 110 ቮልት ዕቃ ሲሰኩት ይቃጠላል። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ጋናውያን ዱምሶር ይሉታል፤ በደቡቡ በሰፊው በሚነገረው በአካን ቋንቋ "ጠፋ በራ" እንደማለት ነው። ፍሪጁን የሚጎዳው መጥፋቱ ሳይሆን ከፍ ብሎ መመለሱ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያበራ መከላከያ ግዙለት። ሲፓፕ በሚባለው፣ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ እንዳይቋረጥ አየር በሚገፋ መሣሪያ የሚተኛ ሰው መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ቮልት ይቀበላል፤ ችግሩ ሌሊት መብራት ሲሄድ ነው። ለአንድ ሌሊት የሚበቃ ባትሪ ይዞ ይሂድ፤ የእርጥበት ማሞቂያውን ካጠፋው ባትሪው ይበረክታል።

ልብስ፣ ጫማ፣ የመስሚያ መሣሪያ?

ጥጥ ይበዛ። የቆዳ ጫማ በዝናቡ ወራት ቁም ሣጥን ውስጥ በሳምንት ይሻግታል፤ በሩን ክፍት ተዉት፤ በፀሐይ ቀን አውጡት። ጋቢና ነጠላ ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይታጠፍ፤ ቢጫ ነጥቡ አይለቅም።

ውጭ የተሰጣ ልብስ ሁሉ በጋለ ካውያ ይተኮስ፤ የውስጥ ልብስም፣ አንሶላም፣ የወገብ ላስቲኩና ስፌቱም። ቱምቡ የሚባለው ዝንብ እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላሉን ይጥላል፤ እጩ ቆዳ ውስጥ ገብቶ እባጭ ይመስላል፤ መሐሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይታያል። አትውጉት። ቫዝሊን በወፍራሙ ቀብታችሁ አየር ከልክሉት፤ ብቅ ሲል በጥንቃቄ ይወጣል፤ ካልሆነ ነርስ ታውጣው።

የመስሚያ መሣሪያን የሚገድለው ላብና እርጥበት ነው። ማታ ማታ ባትሪውን አውጥታችሁ ሲሊካ ጄል ባለበት የታሸገ ዕቃ ውስጥ አሳድሩት።

እንጀራ መጋገር ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ሰዓቱን እንደገና መማር አለባችሁ። ደጋ ላይ ሁለትና ሦስት ቀን የሚጠብቀው ሊጥ አክራ ላይ በአንድ ቀን ይደርሳል፤ ከዚያ ካለፈ ይኮመጥጣል፣ ዓይኑም ይጠፋል። ማታ አቡክታችሁ በማግስቱ ከሰዓት እዩት፤ ከላይ ውኃው ከጠለለ አብሲቱን ጣሉ። ሊጡ ከቀደማችሁ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይላችኋል። እርሾውን በትንሽ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አኑሩ። የተጋገረው እንጀራ በእርጥበቱ ቶሎ ይሻግታል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ በፌስታል ጠቅልሎ ፍሪጅ ማስገባት ነው። ጤፉ ሲያልቅ የማሽላ ዱቄት በገበያ አለ፤ ጥቂት የሩዝ ዱቄት ቢቀላቀልበት ይለሰልሳል።

የአገራችንን የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የጋና ተራ ሶኬት 13 አምፔር ነው፤ ከ3,000 ዋት ገደማ በላይ የሚስብ ምጣድ ፊውዙን ያቃጥላል። በጋዝ ምድጃ ላይ ሰፊ የማያጣብቅ መጥበሻ ይሻላል። በርበሬና ሽሮ በትንንሽ ከረጢት ከፋፍላችሁ በረዶ ቤት አስገቡ፤ ነቀዝም ሻጋታም አይነካውም።

የአገሩን ምግብም ውደዱት። ባንኩና ኬንኪ የሚሠሩት ከተቦካ የበቆሎ ሊጥ ነው፤ እንጀራ የለመደ አፍ ኮምጣጣነቱን ያውቀዋል። ኮንቶምሬ የሚባለው ቅጠል ጎመንን ያስታውሳል፤ ዓሣ የማትበሉ ከሆነ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ የደረቀ ዓሣ የማይገባበት ወጥ ጥቂት ነው።

ውኃው?

የቧንቧና የሮቶ ውኃ ለመታጠቢያ ነው። ለመጠጥ ፈልቶ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይንተክተክ። በየቦታው የሚሸጠውን የ500 ሚሊ ሊትር የፌስታል ውኃ ስትገዙ የምዝገባ ቁጥር ያለበትን ምረጡ፤ ፌስታሉን በጥርስ ከመቅደዳችሁ በፊት ጫፉን እጠቡት። ቮልታ ሐይቅ ውስጥ አትዋኙ፤ እግርም አትንከሩ፤ ቢልሃርዚያ አለበት።

በሰዎቹ ዘንድ እንዴት እንቀመጥ?

ሰላምታ ሳይሰጡ ጉዳይ መጀመር እንደ እኛው ነውር ነው። በአካን ቋንቋ ጠዋት "ማአቼ"፣ ከሰዓት "ማአሃ"፣ ማታ "ማአጆ"፤ ምስጋና "መዳሴ"። ሰዎች ወደተቀመጡበት ስትገቡ ከቀኝ ጀምራችሁ ወደ ግራ አንድ በአንድ ጨብጡ። በግራ እጅ መስጠት፣ መቀበል፣ መጠቆምም ስድብ ነው። ሽማግሌ ስለሆናችሁ "ናና" ወይም "ፓፓ"፣ "ማሜ" ይሏችኋል፤ ተቀበሉት።

የተወለዳችሁበትን የሳምንት ቀን ይጠይቋችኋል፤ በአካን ልማድ ስም ከቀን ይወጣል። ዓርብ የተወለደ ወንድ ኮፊ፣ ቅዳሜ የተወለደ ክዋሜ፣ ሴቷ አማ። ቀኑን ከኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር አስልታችሁ ሂዱ፤ በዚያ ስም ሲጠሯችሁ ቤተሰብ ሆናችኋል።

ቀብር ላይ ተገኙ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይበዛል፤ ልብሱ ጥቁርና ቀይ ነው፤ ዕድሜ ጠግቦ ለሞተ ሰው ጥቁርና ነጭ። ለቤተሰቡ ገንዘብ ይሰጣል፤ ስማችሁም በድምፅ ማጉያ ይነገራል። ዕድርን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ገንዘብ ለሚጠይቀን ምን እንበል?

መንገድ ላይ "እሺ" አትበሉ፤ "አይሆንም" ብላችሁም ልብ አትስበሩ። "ከባለቤቴና ከሽማግሌዎቹ ጋር ልማከር" የሚለው በሁለቱም ባህል የተከበረ መልስ ነው። ከዚያ በእርግጥ ተማከሩ። እርዳታው በቤተ ክርስቲያኗ በኩል ይለፍ። በእጃችሁ የሰጣችሁት ለአንድ ተማሪ የትምህርት ክፍያ ይሆናል፤ ስትመለሱ ግን ልጁ በመሐል ይቀራል። የሞባይል ገንዘብ ምስጢር ቁጥራችሁን ደግሞ ለማንም፣ "ከኩባንያው ነኝ" ለሚልም ጭምር፣ አትንገሩ።

አርባ ዓመት አብረን ኖረናል፤ ለትዳራችን ምን ያሰጋል?

በእነዚያ አርባ ዓመታት ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ አታውቁም፤ አንዱ ሥራ ይሄድ ነበር። አሁን በአንድ ክፍል፣ በአንድ ማራገቢያ ሥር ናችሁ። በቀን ቢያንስ ሁለት ሰዓት በየፊናችሁ ዋሉ። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ያለ እንግዳ ዕረፉ፤ ቀኑን ለቤተ ክርስቲያኗ አሳውቁ፤ ካልነገራችሁ በሩ ይንኳኳል። ከሁለት አንዳችሁ "ልመለስ" ካላችሁ ሌላው በጸሎት ብዛት አያስገድደው። ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ፦ በሦስተኛው ወር መጨረሻ ተቀምጠን እንነጋገራለን፤ አንዳችን እንኳ በቃኝ ካለ ሁለታችንም እንመለሳለን። ይህ ስምምነት ያላቸው ሰዎች ሲከፋቸው እንኳ እንደታሰሩ አይሰማቸውም።

ከቤተሰብ መርዶ ቢመጣስ?

በዚህ ዕድሜ ወንድም፣ እህት፣ እናት ሊያርፉ እንደሚችሉ እያወቃችሁ ነው የምትሄዱት። መርዶ በፌስቡክ ወይም በሌሊት የስልክ መልእክት እንዳይደርሳችሁ ከቤተሰብ አንድ ሰው ምረጡ፤ እሱ በመጀመሪያ ለተቀባያችሁ መጋቢ ይደውል፤ መጋቢው በአካል መጥቶ ይንገር። ጋና ከኢትዮጵያ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ለደዋዩ ንገሩት። ለማን ቀብር እንደምትሄዱ፣ ለማን እንደማትሄዱ ከመነሣታችሁ በፊት ለሁለት ተነጋገሩ፤ የአንድ ደርሶ መልስ ቲኬት ገንዘብም ሳይነካ ይቀመጥ።

ከሁለታችን አንዳችን እዚያ ብንሞት?

ይህን ለልጆቻችሁ ስትሉ በጽሑፍ ጨርሱት። አስከሬኑ ይመለስ ወይስ እዚያው ይቀበር? ኑዛዜ፣ ለአንድ ልጅ የተሰጠ ውክልና፣ የባንክና የመድን ቁጥሮች፣ የሁለታችሁ ፓስፖርት ቅጂ በአንድ ፖስታ ታሽጎ አንዱ ቅጂ ከልጅ ዘንድ፣ አንዱ ከመጋቢው ዘንድ ይቀመጥ። የባንክ ሂሳቡ በአንዱ ስም ብቻ ከሆነ አሁኑኑ የጋራ አድርጉት፤ የቀረው ሰው በሐዘን ላይ ሆኖ የቤት ኪራይ መክፈል እንዳይሳነው።

ከተመለስን በኋላስ የሚቀር ነገር አለ?

የወባ ክኒኑን አትርሱ፤ እንደየዓይነቱ 7 ቀን ወይም 4 ሳምንት ይቀጥላል። ከተመለሳችሁ በአንድ ዓመት ውስጥ ትኩሳት ከያዛችሁ፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ "ጋና ነበርኩ፤ ወባ መርምሩኝ" ይሁን፤ የሲልቨር ስፕሪንግ ወይም የስቶክሆልም ሐኪም ካልነገራችሁት አያስበውም። ሐይቅ ወይም ወንዝ ውስጥ ከገባችሁ የቢልሃርዚያ ምርመራ ጠይቁ። የግፊት ክኒናችሁ መጠን በሙቀቱ ምክንያት ተቀንሶ ከነበረም በመጀመሪያው ሳምንት ተለኩ፤ ደጋ ስትገቡ መልሶ ሊያንሳችሁ ይችላል።